ባቡሩ ሲመጣ ጣቢያው የት ይሁን? ለሚያድግ ከተማ ባቡር ጣቢያ የማቀድ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእናቴ ጋር በባቡር ተጉዘን አንድ ከተማ ደረስን። ጣቢያው ያምራል። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በሩም ሰፊ። ከበሩ ስንወጣ ግን ኮረት ነው። ከኮረቱ ወዲያ ማሳ። ከማሳው ወዲያ፣ በሩቁ፣ የከተማው መብራት ይታያል። ሦስት ባጃጅ ቆሟል፣ እኛ ደግሞ ሦስት መቶ ሰው እንሆናለን። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ነው። እናቴ ማዳበሪያዋ ላይ ቁጭ ብላ "ደረስን ያልከኝ መስሎኝ ነበር" አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የየትኛውንም ጣቢያ ፕላን ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ከበሩ ውጭ ወዳለው ነው። ይህ መመሪያም ከዚያው ይነሳል።

የጻፍኩት ከተማቸው የባቡር መስመር ላይ ለሆነች ወይም ሊደርሳት ለታሰበ ሰዎች ነው። በፕላን ቢሮ ለምትሠሩ፣ በከተማ ምክር ቤት ለተቀመጣችሁ፣ ወይም ስብሰባ ላይ እጅ አውጥታችሁ "ጣቢያው የት ነው የሚሆነው?" ለምትሉ ነዋሪዎች። ሐዲዱን የሚዘረጋው ሌላ ነው፤ መሐንዲስም ኮንትራክተርም አለው። ከተማው ግን የናንተ ነው። ጣቢያ ደግሞ አንዴ ከተተከለ የሚነቃነቅ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባው ለገሃር ህንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ባቡር አይገባበትም፣ ሰፈሩ ግን አሁንም ለገሃር ነው። ስሙ ራሱ "ጣቢያው" የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

1. መናኸሪያ ሂዱና ቁጠሩ

የወደፊቱ የባቡር ተሳፋሪ ዛሬ አውቶቡስ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቢሮ ተቀምጣችሁ ቁጥር ከመፍጠራችሁ በፊት ደብተር ያዙና ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኙ። አንድ ቀን አይበቃም። አንድ ተራ ማክሰኞ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ የበዓል ዋዜማ ቁጠሩ። የድሬዳዋ ሰው ከሆናችሁ ታህሳስ 19ና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ምን እንደሚሆን እኔ አልነግራችሁም። ቢሾፍቱ ደግሞ የእሬቻ ሰሞን አላት። ጣቢያ የሚፈተነው በእንዲህ ዓይነት ቀን ነው።

አራት ነገር ጠይቁ። ከየት ሰፈር መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? ምን ይዘሃል? ከቤትህ እዚህ ለመድረስ ስንት ደቂቃና ስንት ብር ፈጀብህ? ወርቅ ያለው የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ ለመጀመር አንድ ሰዓት ታክሲ ሲቀያይር እንደሚቆይ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። "ምን ይዘሃል" የሚለውንም አትናቁት። ሻንጣ የሚጎትት፣ ሁለት ማዳበሪያ ቲማቲም የሚጭንና ሕፃን ያዘለች እናት ሦስቱም የሚፈልጉት በር፣ ደረጃና መንገድ ይለያያል።

ከዚያ ዕድገቱን አስሉ። ቀላል ዘዴ አለ፦ 70ን ለዓመታዊ የዕድገት መቶኛ አካፍሉ፣ የሚወጣው ቁጥር ከተማው በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ይነግራችኋል። በዓመት 5 በመቶ የሚያድግ ከተማ በ14 ዓመት እጥፍ ይሆናል። አዳማ በ1999ኙ ቆጠራ 220,212 ሰው ነበራት። በ5 በመቶ ብታድግ በ2013 ወደ 440 ሺህ፣ በ2027 ደግሞ ወደ 880 ሺህ ትጠጋለች ማለት ነው። ይህ የእርሳስ ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ግን ለጣቢያ ዕቅድ የሚያስፈልገውን ስሜት ይሰጣል፦ ዛሬ የምትስሉት በር ልጃችሁ ሥራ በሚይዝበት ጊዜ አራት እጥፍ ሰው ሊያስተናግድ ይችላል።

አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ አማካሪ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩት። ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ይኑራችሁ። ህንፃውን ለዝቅተኛው ሥሩ፣ መሬቱን ለከፍተኛው ያዙ። ህንፃ በኋላ ይቀጠላል፣ በዙሪያው ቤት የተሠራበት መሬት ግን አይገኝም።

2. ቦታ፦ ዋናው ጨዋታ ይኸው ነው

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ቀሪው ሁሉ ስህተት ቢኖረው ይታረማል። ቦታ አይታረምም።

ድሬዳዋን እንውሰድ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር የታሰበው፣ ተራራው ከበደና ሜዳው ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚያ ደረሰ፣ ከተማዋም በጣቢያው ፊት በቀለች። ከዚራ የሚባለው ሰፈሯ ስትሄዱ መንገዶቹ ቀጥ ብለው ጥላ ለጥላ ወደ ጣቢያው ያመራሉ። አዲስ አበባም ቢሆን የቸርችል ጎዳና ከላይ ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቁልቁል ወርዶ የሚያርፈው ለገሃር ላይ ነው። ከባቡር የወረደ ሰው ሻንጣውን አንስቶ ቀና ሲል ከተማው ፊት ለፊቱ ነበር።

አዲሱ መስመር ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ተመርቆ ታህሳስ 23 ቀን 2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ጣቢያዎቹ ግን አብዛኞቹ ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ለገሃር መሄዱ ቀርቶ ለቡ ድረስ ይወርዳል። ለምን እንዲህ ሆነ? መሐንዲሶቹ ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር ጠበብ ያለ ኩርባ አይወድም። ከተማ ውስጥ መግባት ማለት ቤት ማፍረስ ነው፣ ካሳ መክፈል ነው፣ መንገድ ሁሉ ላይ ድልድይ መሥራት ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ዳር ዳሩን መሄድ ይረክሳል። ችግሩ ሂሳቡ ወረቀቱ ላይ አለማለቁ ነው። ለካሳ ያልወጣው ብር በየቀኑ በባጃጅ ይከፈላል፣ የሚከፍለውም ተሳፋሪው ነው።

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1994 አሚየንና ሳን ካንታን በሚባሉ ሁለት ከተሞች መሀል፣ ለሁለቱም ይሁን ብለው፣ ማሳ ላይ የፈጣን ባቡር ጣቢያ ሠሩ። ለሁለቱም አልሆነም። አካባቢው የስኳር ቀይ ሥር የሚበቅልበት ነውና ሰዉ "የቀይ ሥር ጣቢያ" ብሎ ሰየመው። ናይሮቢም አዲሱ የሞምባሳ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ወጣ ብሎ ሲዮኪማው ላይ ስለሆነ ከመሀል ከተማው ጣቢያ ወደዚያ የሚያመላልስ ሌላ ባቡር አስፈልጓል።

"ግድ የለም፣ ከተማው ራሱ ሄዶ ይደርስበታል" የሚል ሰው ስብሰባ ላይ አይጠፋም። አንዳንዴ እውነት ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1964 ሺን ዮኮሃማን የሠሩት እርሻ መሀል ነበር፣ ዛሬ በዙሪያው ፎቅ ነው። ግን ልብ በሉ፦ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር እዚያ የደረሰው በ1985 ነው። ሃያ አንድ ዓመት! ያውም በጃፓን አቅም። የናንተ ከተማ ሃያ አንድ ዓመት የሚጠብቅ ትዕግሥት ካላት እሰየው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ሦስት አማራጭ ቦታ ምረጡ፦ አንዱ ከተማው ውስጥ፣ አንዱ ጫፉ ላይ፣ አንዱ ውጭ። ካርታው ላይ በእያንዳንዱ ዙሪያ ሁለት ክብ አስምሩ፣ አንዱ በ400 ሜትር፣ ሌላው በ800። ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይራመዳል፣ ስለዚህ ክቦቹ የአምስትና የአስር ደቂቃ እግር መንገድ ናቸው። ክቡ ውስጥ ስንት ቤት፣ ስንት ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ሆስፒታል እንዳለ ቁጠሩ።

ክብ ግን ይዋሻል። መሀሉ ላይ ወንዝ፣ የፋብሪካ አጥር ወይም የማይሻገሩት አስፋልት ካለ 800 ሜትሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በእግራችሁ ሂዱበት። ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ በጠራራው፣ 20 ኪሎ ሻንጣ ይዛችሁ። የምክር ቤቱንም ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻንጣውን በየተራ ይያዙ። ይህን አድርጌ አይቻለሁ፦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስለ ቦታው የሚደረገው ክርክር በጣም ያጥራል።

ከዚያ መሐንዲሱን አዳምጡት፣ እሱ የሚጥላቸው ቦታዎች አሉና። ባቡር የሚቆምበት ሐዲድ ከሞላ ጎደል ሜዳ መሆን አለበት፦ በሺህ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ዝቅ ያለ ቦታ ለጣቢያ አይመችም። ፕላትፎርሙ የሚያርፍበት ሐዲድ ቀጥ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ ኩርባ ላይ ከሆነ በባቡሩና በፕላትፎርሙ መሀል እግር የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። አንድ ፉርጎ ወደ 25 ሜትር ይረዝማል፣ አስራ ስድስት ፉርጎ ለማስቆም 400 ሜትር ቀጥ ያለ ሜዳ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ከተማ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ውሃስ? ሜዳ ቦታ ብዙ ጊዜ ሜዳ የሆነው ጎርፍ ስለደለደለው ነው። ድሬዳዋ በ1998 ክረምት ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 ሰው በላይ የወሰደባት ከተማ ናት፤ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ማለት ነው። የአየር ንብረት መረጃውን ያዙ፣ ግን የሰፈሩን አዛውንቶችም ጠይቁ። "ውሃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?" በሏቸው። በጣታቸው የሚያሳዩአችሁ ግድግዳ አለ።

መስመሩ በምንም መንገድ ከተማው ውስጥ አይገባም ከተባለስ? እንግዲያው ጣቢያውን ሐዲዱና ወደ ከተማው የሚገባው ዋና መንገድ በሚገናኙበት ቦታ አስጠጉት። ሁለት ከተማ መሀል፣ ለሁለቱም እኩል ሩቅ የሆነ ቦታ ላይ አትስማሙ። የቀይ ሥሩን ጣቢያ አስታውሱ።

3. ወሬው ከመውጣቱ በፊት መሬቱን ያዙ

ጣቢያው እዚህ ነው የተባለ ዕለት ማታ የጨረቃ ቤት መብቀል ይጀምራል። ደላላውም ከናንተ ቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ቦታው እንደተወሰነ ወዲያው መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ይስፈር። መዋቅራዊ ፕላን ለአስር ዓመት የሚያገለግል ሕጋዊ ሰነድ ነው፣ ፕላኑ ውስጥ ያልገባ ጣቢያ የቃል ተስፋ ነው።

ለህንፃው ብቻ አትያዙ። ለሁለት ተጨማሪ ሐዲድ፣ ለአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ለሁለተኛ በር፣ ለፍሳሽ መውረጃ ያዙ። ሁለተኛ በር የምለው ከሐዲዱ ማዶ ያለውን ነው። ዛሬ ማዶው ባዶ ሜዳ ነው፣ ነገ ሰፈር ይሆናል፣ በር ካልተያዘለት ሰዉ ሐዲድ እየተሻገረ ይመጣል። በኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ላይ ደግሞ ማቋረጥ ቀልድ አይደለም።

የሚነሳ ሰው ካለ የካሳው ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011ና በማሻሻያው ነው የሚሄደው። ካሳ ከመነሳት በፊት ይከፈላል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚነሱትን ገበሬዎች ጣቢያው ሲከፈት ሱቅ ወይም የሥራ ቦታ ከሚያገኙት መጀመሪያ ላይ አስቀምጧቸው። መሬቱን የሰጠ ሰው በአጥር ቀዳዳ ባቡር ሲያልፍ እያየ እንዲኖር ማድረግ ነውር ነው።

4. ከበሩ ውጭ ያለውን ከህንፃው በፊት ሳሉ

ሂሳብ እንሥራ። አስር ፉርጎ ያለው ባቡር፣ በአንድ ፉርጎ 118 መቀመጫ፣ 1,180 ሰው ያህል ይይዛል። ግማሹ እናንተ ከተማ ወረደ እንበል፣ ወደ 600 ሰው። በአንድ ጊዜ ነው የሚወርዱት፣ እንደ መናኸሪያ ቀኑን ሙሉ እየተንጠባጠቡ አይደለም። 600 ሰው ለማንሳት ሦስት ሦስት የሚጭኑ 200 ባጃጆች ያስፈልጋሉ። ወይም 12 የሚጭኑ 50 ሚኒባሶች። ወይም 60 የሚጭኑ 10 አውቶቡሶች። 200 ባጃጅ አፍና ጭራ ቢሰለፍ 600 ሜትር ይሆናል። አስሩ አውቶቡስ 140 ሜትር ላይ ይጠናቀቃል። ይህን ስዕል አንድ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ስብሰባ ውሰዱት፣ ከብዙ ገጽ ሪፖርት የበለጠ ይሠራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ለበሩ የሚቀርበው እግረኛ፣ ቀጥሎ አውቶቡስ፣ ቀጥሎ ሚኒባስ፣ ባጃጅና ራይድ፣ በመጨረሻ የግል መኪና። እኛ አገር የተለመደው ተገላቢጦሽ ነው። በሩ ፊት የኃላፊ መኪና፣ አውቶቡሱ ማዶ፣ እግረኛው ደግሞ ራሱ እንደሚያውቅ። ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን ሁለት ሦስት ማቆሚያ በሩ አጠገብ ይኑር፣ ሌላው መኪና ይራመድ።

የእግር መንገዱ ቢያንስ አራት ሜትር ይስፋ። ሁለት ሰው ሻንጣ እየጎተተ ሲተላለፍ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ ጋሪ ሲገባ አስቡት። መብራት ይኑረው፣ ባቡር ማታም ይገባልና። ጥላ ይኑረው። ጥላ ስል ዘምባባ ማለቴ አይደለም፤ ዘምባባ ለፎቶ ነው። ከዚራን ሄዳችሁ ቀና በሉና ዛፉን እዩ፣ ልኩ ያ ነው። ዛፉን ደግሞ ግንባታው ሲጀመር ትከሉት፣ ጣቢያው ሲከፈት ቁመት ይዞ ይጠብቃል።

ጀበና ቡና፣ ቆሎ፣ ውሃ፣ የስልክ ቻርጀር የሚሸጡ ሰዎች ይመጣሉ። ብታባርሯቸውም ይመለሳሉ። ስለዚህ ከመንገዱ ጎን ወለል፣ ጣሪያና ቧንቧ ያለው ቦታ ስጧቸው። ተሳፋሪውም ይፈልጋቸዋል፣ ማታ ማታም የሰው ዓይን ያለበት መንገድ ይሻላል። የባጃጅ ተራ አስከባሪዎችንም ገና ከዕቅዱ ጥሩና አነጋግሩ። ሰልፉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ከናንተ በላይ ያውቃሉ።

የአውቶቡሱ ሰዓት በባቡሩ ሰዓት ይሁን። ባቡሩ አንድ ሰዓት ከዘገየ አውቶቡሱም ይጠብቅ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አንድ ስልክ ነው። ግን አስቀድሞ በውል ካልተጻፈ ማንም አይደውልም።

5. ውስጡ፦ ሰልፍ፣ ደረጃና ሽንት ቤት

የኛ አገር ጣቢያ አንድ ልዩ ነገር አለው፦ ፍተሻ። ሰልፉ የሚጀምረው ከህንፃው ውጭ ነው። አንድ ፈታሽ በደቂቃ ስድስት ሰው ቢያሳልፍ 600 ሰው ለማስገባት 100 ደቂቃ ይፈጃል። አራት መስመር ካለ 25 ደቂቃ። ስለዚህ በሩ ለአራት መስመር ይሳል፣ የወንድና የሴት ተለይቶ፣ ውጭ ሰልፉ ላይም ጣሪያ ይኑር። አዳራሹ ውስጥ ዕብነ በረድ አንጥፎ ሰውን ዝናብ ላይ ማሰለፍ ምን ይባላል?

ከአንዱ ፕላትፎርም ወደ ሌላው መሻገሪያ ሲመጣ ሁለት ምርጫ አለ፣ ድልድይ ወይም ከሥር የሚያልፍ መተላለፊያ። ብዙ ሰው ሳያስብ ድልድይ ይላል። ግን የባቡሩ ኤሌክትሪክ 25 ሺህ ቮልት ነው፣ ሽቦውም ከፍ ያለ ስለሆነ ድልድዩ ከሰባት ሜትር በላይ መውጣት አለበት። አንዱ ደረጃ 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 45 ደረጃ ገደማ ነው። ከሥር ከሆነ ግን የሰው ቁመትና የጣሪያው ውፍረት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ አራት ሜትር ያህል፣ 25 ደረጃ። እናቴን ከነማዳበሪያዋ አስቡና ምረጡ። ለተሽከርካሪ ወንበር ተዳፋት ስትሠሩ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ለድልድዩ ከ84 ሜትር በላይ፣ ለሥሩ 48 ሜትር። የሥሩ ጠንቅ ውሃ ነው። ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ ከሆነና ፓምፑ መብራት ሲጠፋ የሚቆም ከሆነ ድልድዩ ይሻላል። አሳንሰርም ቢሆን ጄኔሬተርና የጥገና በጀት ከሌለው ግድግዳ ላይ ያለ በር ነው።

የደረጃውን ስፋት በዓይን አትገምቱ። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ደረጃ በደቂቃ 35 ሰው ያህል ያሳልፋል። ሻንጣ የያዘ ሰው ሲሆን ደግሞ ያንሳል። ሦስት ሜትር ደረጃ 600 ሰው ለማሳለፍ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ በዚያ መሀል ሌላ ባቡር ከገባ ፕላትፎርሙ ይታፈናል። ሁለት ደረጃ፣ በሁለት ጫፍ፣ ከአንድ ሰፊ ደረጃ ይበልጣል።

የፕላትፎርሙ ከፍታ ከባቡሩ ወለል ጋር ይስተካከል። ይህን ከባቡር ድርጅቱ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የሚገዙት ባቡር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው ብላችሁ። ሽንት ቤቱ ደግሞ ለሴቶች በቁጥር ይብዛ፣ ከፈታሹ በፊትም ከኋላም ይኑር፣ ጣሪያው ላይ ሮቶ ይቀመጥለት። አለቀ።

6. ጭነቱን ለዩት

አጭር ነው፦ ኮንቴይነርና ሰው አይቀላቀልም። ጭነት ከባድ መኪና ይስባል፣ ከባድ መኪና ደግሞ እግረኛውን ያባርራል። የአዲስ አበባ ጭነት እንዶዴ ነው የሚራገፈው፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ። የናንተም የጭነት ግቢ በተለየ መንገድ የሚደረስበት፣ ከተሳፋሪው በር የራቀ ይሁን። ትንንሽ ነጋዴዎች ግን፣ ሁለት ሦስት ማዳበሪያ የሚጭኑት፣ ተሳፋሪ ናቸው። ለነሱ ሚዛንና ሰፊ በር እዚሁ ያስፈልጋቸዋል።

7. በዙሪያው ምን ይሠራ?

ጃፓን ኦሳካ አካባቢ ሃንክዩ የሚባል የባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1910 መስመር ሲዘረጋ መንገደኛ አልነበረውም። ምን አደረገ? በሐዲዱ ዳር መሬት ገዝቶ ቤት ሠርቶ ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ዋናው ጣቢያው ላይ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ከፈተ። ለገሃር በተመረቀበት ዓመት ማለት ነው። መንገደኛውን ራሱ ፈጠረ።

ለናንተ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በ800 ሜትሩ ክብ ውስጥ ያለውን መሬት ለመጋዘንና ለሰፋፊ ግቢ በሊዝ አታድሉት። ለመኖሪያ፣ ለኮሌጅ፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለገበያ ይሁን፤ ጠጋ ጠጋ ያለ፣ ከፍ ያለ። መሬቱ ዋጋ የሚያወጣው ጣቢያው ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ ሁሉንም ዛሬ አትሽጡት። ከሊዙ የሚገኘው ላይ የተወሰነ መቶኛ ለእግር መንገዱና ለአውቶቡሱ እንዲውል ምክር ቤቱ ይወስን።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። መስከረም 2008 ሥራ ጀመረ፤ የተሠራው በሁለት መስመር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ ይዞ ነው። ከመሀል ከተማ ማለፉ ትልቅ ነገር ነው። ግን ብዙ ቦታ የሚሄደው በሰፊ መንገድ መሀል፣ በአጥር ታጥሮ ነው። ጣቢያው ዓይናችሁ ሥር ሆኖ ለመድረስ አስፋልት መሻገር አለባችሁ፣ ማዶ ካለው ዘመድ ቤትም ዞራችሁ ነው የምትሄዱት። ሐዲድ ከተማን ለሁለት ይከፍላል። ስለዚህ መሻገሪያዎቹን ከጣቢያው እኩል ቁጠሯቸው።

8. ማን ምን እንደሚሠራ አስፈርሙ

በኔ ልምድ ጣቢያ የሚበላሸው በሁለት መሥሪያ ቤት መሀል ባለ ክፍተት ነው። ባቡሩን የሚሠራው እስከ አጥሩ ድረስ ይሠራል። ከተማው ከአጥሩ ውጭ "በቀጣይ በጀት" ይላል። ህንፃው ይመረቃል፣ መንገዱ ይቀራል። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽ፣ አውቶቡስ። በእያንዳንዱ ፊት የሚሠራው መሥሪያ ቤት፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ። ሁሉም ይፈርሙ። ከዚያ ወረቀቱን አጉልታችሁ የፕሮጀክቱ በር ላይ ለጥፉት፣ አላፊ አግዳሚው ያንብበው።

9. ከመመረቁ በፊት አንድ ቀን አስመስላችሁ ሞክሩት

ሪባን ከመቆረጡ አንድ ወር በፊት ሁለት መቶ ሰው ጥሩ። ተማሪዎች፣ አዛውንቶች፣ ዊልቸር የሚጠቀሙ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ማዳበሪያ የያዙ። እያንዳንዱ ከገዛ ቤቱ ይነሳ እንጂ ከማዘጋጃ ቤቱ ግቢ በአውቶቡስ ተጭኖ አይምጣ። ከቤቱ በር ፕላትፎርሙ ላይ እስኪቆም ስንት ደቂቃና ስንት ብር እንደፈጀበት ይጻፍ። መናኸሪያ ላይ ከጻፋችሁት ደብተር ጋር አነጻጽሩት። ከአውቶቡሱ የባሰ ከሆነ አንድ ወር አላችሁ።

ሙከራውን ማታም ድገሙት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሲጨልም። መጨረሻ ላይ የምትወጣዋ ሴት ብቻዋን ሻንጣ ይዛ በሩን አልፋ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ትሂድ፣ እናንተ ከሩቅ እዩ። የት ላይ ቆም ብላ ዞር ብላ እንዳየች ምልክት አድርጉበት። መብራት የሚጨመረው እዚያ ጋ ነው።